የሸማ ሠሪዎች ማኅበር የዕቅድ ውይይት፦ መናፈሻው ውስጥ የሚሰቀለው ሸማ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ጣና ዳር ባለው መናፈሻ በመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ በር እንጨት ይተከላል። በመሐሉ ከሰው ራስ ከፍ ብሎ ሸማ ይሰቀላል፤ በጠቅላላ 100። ከከተራ ጀምሮ 10 ቀን ይቆያል። ሽያጭ የለም። ሰው ከሥሩ ያልፋል፣ ያያል፣ በቃ። ሰኞ ለባህል ቢሮ ይገባል።

ገንዘብ ያዥ፦ በምን ብር? የባዛሩ ዕዳ እንኳ ገና አልተዘጋም።

ዲዛይነሯ፦ ባልና ሚስቱ የጥበብ ሰዎች ክሪስቶና ዣን ክሎድ ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ 7,503 በር ተክለው ብርቱካንማ ጨርቅ ሰቅለዋል። በፈረንጆች 2005፣ ለ16 ቀን። ስፖንሰር አልፈለጉም፤ ንድፋቸውን እየሸጡ ነው ወጪውን የቻሉት።

ገንዘብ ያዥ፦ እኛ የማንን ንድፍ እንሽጥ? ያንቺን?

ዲዛይነሯ፦ እነሱም በ1981 ተከልክለው ነበር። የተፈቀደላቸው በ2003 ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲህ 22 ዓመት እንጠብቃለና።

ከማርቆስ፦ ለምን ባሕር ዳር? ማኅበሩ የጎጃም መስሎኝ። መዋጮ ሲሆን ማርቆስ፣ ፎቶ ሲሆን ጣና።

ልብስ ሰፊው፦ የእጅ ሽመና ጠባብ ነው። ለአንዱ በር ሁለት ሦስት ስፋት መጋጠም አለበት። እኔ በነፃ እሰፋለሁ።

ጥለት ሠሪው፦ ጥለቱ ወዴት ነው የሚሆነው?

ጸሐፊ፦ ወጪ ለመቀነስ በአንድ ጫፍ ብቻ ነው። ወደ ላይ፣ ገመዱ ጋ ይሆናል። ጠንከር ስለሚል ክብደቱን ይችላል።

ጥለት ሠሪው፦ እንግዲያው ለቅሶ ነው። ጥለት ወደ አንገት ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አለ? በጥምቀት ከተማውን ሐዘን ልታስቀምጡት ነው?

ዲዛይነሯ፦ ጋሼ፣ እንጨት አንገት የለውም።

ጥለት ሠሪው፦ አንቺ ገና ድርና ማግ ሳትለዪ አትመልሺልኝ።

ፈታይ፦ እኔ የፈተልሁትን ለሐዘን አታንጠልጥሉብኝ።

ሸማኔው፦ ወደ ታች ከሆነ ደግሞ የላዩ ጠርዝ ሳሳ ይላል። ከሰዓት በኋላ የጣና ንፋስ ሲነሣ ይተረትረዋል። የፈረንጆቹ ናይለን ነው፤ የኛ ጥጥ።

ከማርቆስ፦ በሁለቱም ጫፍ ይሁን፤ ይለቅ።

ገንዘብ ያዥ፦ የጥለቱን ዋጋ እጥፍ ማን ይከፍላል? ጥለት ሠሪው ለምን እንደተንጫጫ አሁን ገባኝ።

ጥለት ሠሪው፦ ሌባ ነህ ነው የምትለኝ? ባዛሩ ላይ ደረሰኝ የጠፋው ከኔ ኪስ ነው? ልናገር?

ፈታይ፦ ኧረ ተዉ! አደባባይ ላይ መባላት ምንድን ነው?

ሸማኔው፦ ቡሉኮ ብናደርገውስ? ከለቅሶውም ከጥለቱም እንገላገላለን።

ዲዛይነሯ፦ ቡሉኮ ብርሃን አያሳልፍም። ሐሳቡ እኮ ፀሐይ በሸማው ውስጥ ስታልፍ መታየቷ ነበር።

ከማርቆስ፦ እንጨቱ ከተተከለ አይቀር ሥሩ ጋቢ ብንሸጥበትስ?

ገንዘብ ያዥ፦ ይኼ ነው ቁም ነገር! በዓል ነው፣ እንግዳ ይገባል። ዕዳውም ይዘጋል።

ጸሐፊ፦ ለሽያጭ ከሆነ ሸማ ፀሐይ አይከላከልም። ሸራ ያስፈልጋል። ልብስ ሰፊው፣ የሸራ ስፌት ትችላለህ?

ጸሐፊ፦ ልብስ ሰፊው?

ሸማኔው፦ ስልኩም አይነሣም። ድንኳን ተከራዩ።

ዲዛይነሯ፦ ድንኳን ከሆነማ እኔን ተዉኝ።

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው ረቂቅ፦ 8 የኪራይ ድንኳን፣ በየበሩ አንድ አንድ ሸማ፣ ጥለቱ በሁለቱም ጫፍ። ማርቆሶች ሁለት ድንኳን ይይዛሉ። ርዕሱ «የጎጃም ሸማ ሽያጭና ዐውደ ርእይ»።

ጥለት ሠሪው፦ እስማማለሁ።

ፈታይ፦ ለ100 ሸማ ብላችሁኝ ጥጡን በዱቤ አስመጥቻለሁ። ማን ነው የሚከፍለኝ?

ገንዘብ ያዥ፦ እሱ በስብሰባ ይታያል።

ጸሐፊ፦ ሰኞ ጠዋት አስገባለሁ። ማኅተሙ ማን ጋ ነው?