ጣሊያን ሠራሽ ሕንፃ ይፍረስ ወይስ ይቆይ? የደሴዎች ክርክር

የሆጤ ልጅ፦ መንገድ ለማስፋት ጣሊያን ሠራሽ ሕንፃዎች ይፍረሱ ወይስ ይቆዩ የሚለው ነገር ትናንት ሳይቋጭ ቀርቷል። እኔ ይፍረሱ ባይ ነኝ። እንደ አይጠየፍ፣ እንደ ንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ፣ የራሳችን ሰው ያሠራው ቢሆን ሌላ ነገር ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴን ሲደበድብ ሆስፒታል እንኳ ያልማረ ጠላት የሠራውን ምን ብዬ እንከባከባለሁ? ደግሞም አስቀያሚ ናቸው።

መምህር፦ አብሽር ወንድሜ፣ ጠላትነቱን ተወውና "አስቀያሚ" ያልከው ላይ ልያዝህ። ኒውዮርኮች በዚሁ ሰበብ ያፈረሱት ፖስታ ቤት አለ። በፈረንጅ 1869 ተጀምሮ በ1880 ያለቀ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ጎረቤት ነበር። የነደፈው አልፍሬድ ሙሌት የሚባል የመንግሥት አርክቴክት ነው። ግራናይት ግድግዳ፣ ዓምድ በዓምድ ላይ የተደረበበት፣ አናቱ ላይ እንደ ፓሪስ ሕንፃዎች ቁልቁል የተደፋ ጣሪያ። በ1897 ኒውዮርክ ውስጥ ደብዳቤ በአየር ግፊት በቱቦ መላክ ሲጀመር መነሻው እሱ ነበር። ድመት ሳይቀር በቱቦው ልከው በሕይወት ወጥታለች! ከተሜው ግን "የሙሌት ጭራቅ" እያለ ሲያላግጥበት ኖሮ፣ በ1939 አፍርሶ ጨረሰው።

የሆጤ ልጅ፦ ታዲያ ምን ጎደለባቸው? ቦታው ምን ሆነ?

መምህር፦ መናፈሻ። ድሮም ከመናፈሻው ተቆርሶ የተወሰደ መሬት ነው፤ እሱን አልክድህም።

የሆጤ ልጅ፦ በቃ፣ ረታሁ!

መምህር፦ ቆይ እንጂ። ይኸው ሙሌት ዋሽንግተን ላይ፣ ከፕሬዚዳንቱ ቤት አጠገብ፣ በዚያው ስልት የነደፈው ሌላ ሕንፃ አለ። እሱንም ሲሰድቡት፣ እናፍርሰው ሲሉ ኖረዋል። ሳይፈርስ ቀረና ዛሬ ታድሶ የፕሬዚዳንቱ ሠራተኞች ይሠሩበታል። ያው ሰው፣ ያው ጣሪያ። አስቀያሚ የሚባለው ነገር ዘመን ሲያልፍ ይለወጣል፤ የፈረሰው ግን አይመለስም።

መሐንዲስ፦ ጋሼ እውነት ብለዋል። መንገዱ ጠበበ ተብሎ ሁሉ አይፈርስም። ግድግዳው የሚችል ከሆነ የምድር ቤቱን ፊት ወደ ውስጥ ገፍቶ ዓምድ ማቆም ነው፤ እግረኛው በሥሩ ያልፋል፣ አስፋልቱም ይሰፋል። ወጪ አለው፣ ግን ይሠራል።

የቀበሌ ቤት ተከራይ፦ እናንተ ከውጭ ነው የምታዩት። እኔ ውስጡ ነው ልጆች ያሳደግኩት። ክረምት በመጣ ቁጥር ባልዲ ደርድሬ ነው የማድረው፤ የመስኮቱ እንጨት በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። አድሱልን ስንል ቅርስ ነው ይሉናል፤ በአዋጅ 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ አይታደስም። መንገድ ሲመጣ ደግሞ ያው ቤት አሮጌ ነው፣ ልቀቁ ይባላል።

መምህር፦ እትዬ፣ ታድሶ ይቆይ ቢባል ይስማማሉ?

የቀበሌ ቤት ተከራይ፦ ጣሪያው ዘንድሮ ይቀየርና እስማማለሁ። ከታደሰ በኋላ ለሆቴል ሰጥታችሁ እኔን የምታስወጡኝ ከሆነ ግን፣ ወላሂ፣ ዛሬውኑ ይፍረስ ከሚሉት ጋር ነኝ።