በሰሜን ተራሮች ፓራግላይዲንግ፦ የርቀት ገደቡ አልሠራልንም

በደባርቅ አቅራቢያ፣ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለፓራግላይዲንግ (ያለ ሞተር በጨርቅ ክንፍ ለመብረር) የሙከራ ፈቃድ ደንብ እያረቀቅን ነው። መነሻና ማረፊያውን ከፓርኩ ወሰን ውጭ አድርገን፣ ከገደሉ ፊት 300 ሜትር መራቅን ግዴታ አደረግን። ችግሩ፣ ገደሉን መትቶ ወደ ላይ የሚነሣው ነፋስ ጠንካራ የሚሆነው እዚያው ገደሉ ጥግ ነው፤ ከፍታ ያጣ አብራሪ የግድ ይጠጋል። ዋልያው የሚውለው፣ ጥንብ አንሳውም ጎጆ የሚሠራው እዚያው ነው። ከሁሉ የከፋው አብራሪው ከገደሉ ጠርዝ በላይ ድንገት ብቅ ማለቱ ነው፤ እንስሳቱ ደንብረው በገደል ይሮጣሉ።

በወቅት ልንገድበውም አሰብን። ግን የጥንብ አንሳው መራቢያ ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ ማለትም ዋናው የመብረሪያ ወቅት ነው። ክረምቱ ደግሞ ዝናብና ጉም ነው።

ገደቡን በርቀት ሳይሆን፣ ከጠርዙ በላይ በሚፈቀደው ዝቅተኛ የበረራ ከፍታ ብንለካው፣ ከዚያ በታች የወረደ አብራሪ ገደሉን ሳይጠጋ ወደ ማረፊያው የሚደርስበትን መስመር በምን መለኪያ እንወስን?