የአያቴ ኮከብ፦ የጀግንነት ነው ወይስ ለዘመተ ሁሉ የታደለ?

ሰፊዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የጦር ነገር አላውቅም። አያቴ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምቷል። ካረፈ 11 ዓመት ሆነው። ኮቱ ደረት ላይ የነበረችውን ክብ ሜዳልያ ሁላችንም እናውቃታለን፣ ለጥምቀት ቀሃ ስንወርድ ያደርጋት ነበር። ጥብጣቧን የሙያ ነገር ሆኖብኝ ቆጠርኩት፦ 9 ሰማያዊ፣ 8 ነጭ። ከላይ በራሳችን ፊደል «ኮርያ» ይላል።

ሰሞኑን ኮቱን ልጠግን ገበሩን ስፈታ ሌላ ወጣ። በአቡጀዲ የተጠቀለለ፣ ነሐስ የመሰለ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ። ጥብጣቡ ቀይ፣ መሃሉ ሰማያዊ፣ የሰማያዊው ግራና ቀኝ ነጭ። ጨርቁ ላይ «ቪ» የምትባለዋ የእንግሊዝ ፊደል በብረት ተሰክታለች። የጀርባውን ልጄ አነበበችልኝ፤ «ለጀግንነት ወይም ለሚያስመሰግን ተግባር» ነው አለችኝ።

አጎቴ «ለሁሉም ያደሉት ነው፣ ፒያሳ የሚገዛ ሰው አለ» ይላል። ለቀስተኛው ሁሉ «ጀግና ነበር» ብሎ ነበር፤ ግን ለቅሶ ላይ ጀግና ያልሆነ ማን አለ? እውነቱን ንገሩኝ።

ናስና ክር፦
እህቴ፣ ክቧ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳልያ ናት። እሷ በእርግጥ ለዘማቹ ሁሉ ነው የተሰጠችው። ኮከቡ ግን የአሜሪካ ጦር የነሐስ ኮከብ ነው። «ወይም» የምትለዋ ቃል ናት ሰውን የምታሳስተው፤ ቢሮ ተቀምጦ በደንብ ለሠራም ይሰጣልና። የሚለየው ያቺ «ቪ» ናት። እሷ ካለች ተኩስ መሃል ለተፈጸመ ጀግንነት ነው። ከዚህ የሚበልጠው የብር ኮከብ ነው፣ መልኩ ግን ወርቅማ ሆኖ መሃሉ ላይ ያለችው ትንሿ ኮከብ ብቻ ናት ብር፤ ብዙ ሰው ይምታታበታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፊደሏ በኋላም ልትሰካ ትችላለች። ስምና ማዕረግ ያለበት የምስክር ወረቀት ፈልጉ። አዲስ አበባ አፍንጮ በር መታሰቢያው ጋ የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር አለ፣ እዚያም ጠይቂ። በሎሚና በአመድ ደግሞ እንዳትፈትጊው፣ አደራ!

የአዘዞው፦
የእኔም አባት ዘማች ነበር። ከ1943 እስከ ሐምሌ 1945 ዓ.ም. ተኩስ አቁም ድረስ ሦስት ሻለቃ ተፈራርቋል፤ ሁሉም ከክቡር ዘበኛ። የተመደቡት በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ነው። አባቴ የሚያወራው ስለ ሌሊት ቃፊር ነበር፦ ከምሽግ ወጥቶ በበረዶ መሳብ፣ ከዚያ የእጅ ቦምብ፣ ከዚያ ጨበጣ። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፣ የተማረከ ግን አንድም የለም። ወደቀ የተባለን ሰው ተመልሰው ሄደው ያመጡት ነበር።

ለምን ገበር ውስጥ ደበቀው ብለሽ አትገረሚ። ደርግ ሲመጣ ኮሚኒስት የተዋጋበትን የአሜሪካ ኮከብ ማን ደረቱ ላይ ያደርጋል? የእኛ ቤቱ ጤፍ ጎታ ውስጥ ነው የከረመው።

ቀበሌ 09፦
አጎትየው ስንት ተባሉ? 😄

ሰፊዋ፦
የብሩን ነገር ተዉት። ወረቀት የለም፣ እናቴን ጠየቅኋት። ገበሩን የሰፋው ራሱ ነው አለች፤ ክሩ የደርግ ጊዜ አይመስለኝም፣ ከዚያ በፊት የነበረ ጥጥ ነው። የክቧ መርፌ በመሰካት ብዛት ጎብጧል። የኮከቡ መርፌ ቀጥ እንዳለ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ ያደረገው አይመስልም። እናቴ ቆይታ «ያን ሌሊት አብሮት ወጥቶ የቀረ ጓደኛ ነበረው፤ ወንድሜ ሲወለድ ስሙን አወጣለት» አለችኝ። ወንድሟ ማለት ይሄው ሊሸጥ የሚለው አጎቴ ነው። ስሙ ከየት እንደመጣ የነገረው የለም። እሁድ ለቡና ይመጣል፣ ኮከቡን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጣለሁ።