የኦፓል ፊልሜ ቀለም አለው፣ ግን ለምን ወተት መሰለ?

የቱሉ ዲምቱ ተማሪ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የማስተርስ ሥራዬን የምሠራው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ኦፓል የተባለውን ቀለም የሚያንጸባርቅ ድንጋይ አስመስዬ ስስ ሽፋን (ፊልም) እሠራለሁ። 250 ናኖሜትር ገደማ የሆኑ የሲሊካ (የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር) ኳሶችን በኤታኖል በትኜ፣ የመስታወት ስላይድ በቁሙ አቆምበታለሁ። ኤታኖሉ ሲተን ኳሶቹ ራሳቸው ይደረደራሉ። ፊልሙ አረንጓዴ ያንጸባርቃል፤ በላዩ ላይ ግን ወተት የመሰለ ንጣት አለ። ብርሃኑን በየሞገድ ርዝመቱ በሚለካው ስፔክትሮሜትር ሳየው የነጸብራቁ ጫፍ ስሌቱ በሚለው 550 ናኖሜትር ላይ ነው። ቁመቱ ግን አጭር ነው፣ ስፋቱም ከጠበቅኩት እጥፍ ይሆናል። አልፎ የሚወጣው ብርሃን ደግሞ ወደ ሰማያዊው በኩል እየቀነሰ ይሄዳል። ማታ መብራት ሲጠፋ ኤታኖሉን የማተንበት ምድጃ ስለሚቀዘቅዝ ፊልሙ ላይ አግድም መስመሮች ይወጣሉ። አማካሪዬ «የንብርብር አደራደር ስህተት ነው» ይላሉ። እሱ ብቻውን ይህን ሁሉ ያመጣል?

ከሰበታ፦
እህቴ፣ እኔ ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ አልጭንም። ኳሶቹ ጉሊት ላይ እንዳለ ብርቱካን ነው የሚከመሩት። ሦስተኛው ንብርብር ከመጀመሪያው ትይዩ ሊውል ይችላል፣ ወይም በቀሩት ጉድጓዶች ላይ። በሁለቱ መካከል ያለው የኃይል ልዩነት ኢምንት ስለሆነ ድርድሩ በቀላሉ ይዘበራረቃል። ሆኖም በየትኛውም ቢቀመጥ በንብርብሮቹ መካከል ያለው ርቀት አይለወጥም፤ የዲያሜትሩ 0.816 እጥፍ ነው። ብርሃኑን ቀጥ አድርገሽ ስትለኪ ጫፉን የሚወስነው ይህ ርቀት ነው። የአደራደር ስህተት በደንብ የሚታይሽ ስላይዱን አዘንብለሽ ስትለኪ ነው።

ንጣቱ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። የጎደለ ኳስ፣ ከጓደኞቹ የተለቀ ወይም ያነሰ ኳስ፣ ስንጥቅ፣ አቅጣጫቸው የተለያየ ክሪስታሎች (በሥርዓት የተደረደሩ የኳስ ክምችቶች) የሚገናኙበት ድንበር፣ ሁሉም ብርሃን ይበትናሉ። አጭር ሞገድ ደግሞ የበለጠ ይበተናል፤ ሰማያዊው የሚቀንስብሽ ለዚህ ነው። በደንብ በተሠራ ኦፓል ውስጥ እንኳ ብርሃን ጥቂት አሥር ማይክሮሜትሮች ሳይሄድ ስለሚበተን፣ ፊልሙን ማወፈር አያድንሽም።

ስፋቱን በተመለከተ፣ የምትለኪበትን የብርሃን ነጥብ አጥብቢው። በማይክሮስኮፕ ሌንስ አንድ ክሪስታል ላይ ብቻ ስታሳርፊው ጫፉ ከፍ ካለና ከጠበበ፣ ችግሩ የክሪስታሎቹ መለያየት ነው። ያኔም ሰፊ ከሆነ የኳሶቹን መጠን መርምሪ። ልዩነታቸው ከ5 በመቶ ካለፈ ጥሩ ክሪስታል አትጠብቂ፤ ኳሶቹን ስትሠሪ ወደነበረው የአሞኒያና የሙቀት ቁጥጥር ተመለሺ። ከጫፉ ግራና ቀኝ ትንንሽ ሞገዶች መኖራቸውንም እዪ። ካሉ ውፍረቱ እኩል ነው።

ስንጥቅ የሚመጣው ኳሶቹ ውኃ ሲለቁ ስለሚኮማተሩ ነው። ፊልሙ መስታወቱን ስለያዘ አብሮ መሰብሰብ አይችልም፣ ይሰነጠቃል። ከመደርደርሽ በፊት ኳሶቹን በከፍተኛ ሙቀት ጋግሪያቸው፤ ቀድመው ይኮማተሩልሻል።

ኦፓል ቆራጭ፣ ሱሉልታ፦
ስለ ስፔክትሮሜትር አላውቅም፤ ድንጋዩን ግን አውቀዋለሁ። የወገል ጤና ኦፓል ውኃ ይጠጣል። ነጭ የነበረው ውኃ ውስጥ ሲቆይ እንደ መስታወት ይጠራል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ልጃችን ፊልሟን አርጥባ አይታዋለች?

ከሰበታ፦
ጋሼ፣ ትልቅ ነገር ነው ያነሱት። የእርስዎ ድንጋይም በተፈጥሮ የተደረደረ የሲሊካ ኳስ ነው። እህቴ፣ አንድ ጠብታ ኤታኖል አድርጊበት። በኳሶቹ መካከል ያለው አየር በፈሳሽ ሲተካ መበተኑ ይቀንሳል፣ ንጣቱ ይጠፋል፣ ጫፉም ወደ 580 አካባቢ ይሄዳል፤ አረንጓዴው ቢጫ ይሆናል። ረጥቦም የሚቀር ጥላ ካለ ግን ቆሻሻ ነው።

የቱሉ ዲምቱ ተማሪ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፣ ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ። ጉድለት ብርሃንን አጥምዶ ይይዛል ሲባልስ? የእኔም ፊልም ይህን ሊያደርግ ይችላል?

ከሰበታ፦
አይችልም። የፊዚክስ ሊቁ ሳጂቭ ጆን በ1987 (እ.ኤ.አ.) ሐሳቡን ያነሳው በትንሽ ዝብርቅ ብርሃንን ስለማሰር ነው፣ እውነት ነው። ለዚያ ግን ብርሃን በየትኛውም አቅጣጫ የማያልፍበት የሞገድ ርዝመት ክልል ያስፈልጋል፣ የሲሊካ ኦፓል ደግሞ ያ የለውም። በኳሶቹ ቦታ ባዶ ጉድጓድ ትተሽ፣ ዙሪያውን እንደ ሲሊከን ባለ ብርሃንን አጥብቆ በሚሰብር ነገር መሙላት አለብሽ። ያም ሆኖ ክልሉ ጠባብ ስለሆነ ያልታሰበ ጉድለት ይዘጋዋል። ይዞ የሚያቆየው ሆን ተብሎ በተመረጠ ቦታ የተሠራ ጉድለት ነው።

ስለ መስመሮቹ፦ የፈሳሹ ጠርዝ ፍጥነት ሲቀያየር ውፍረቱም ይቀያየራል። በዚህ ከፍታ ኤታኖል ያለ ምድጃም በደንብ ይተናል፤ ምድጃውን ተዪና የማይንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ላይ ከድነሽ አስቀምጪው።