አዲስ አሰልጣኝ መጥቶም የኮሌጃችን ቡድን ለምን አልተነሳም?

ቦርከና ዳር፦
ኮምቦልቻ ውስጥ የምንማርበት ኮሌጅ የእግር ኳስ ቡድን ዘንድሮ አዲስ አሰልጣኝ ቢያገኝም ከሰንጠረዡ ግርጌ ሊላቀቅ አልቻለም። የቀድሞው አሰልጣኝ ረጃጅም ኳስ ወደ አጥቂው እያስጣለ ያጫውት ነበር፤ አዲሱ ግን ከግብ ጠባቂው ጀምሮ በአጭር ቅብብል መስርተን እንድንወጣ፣ ኳስ ስንነጠቅም ወዲያው ተጭነን እንድናስመልስ ይፈልጋል። በመጀመሪያው አጋማሽ ከማንም ጋር እንፎካከራለን፤ ከእረፍት መልስ ግን፣ በተለይ ደሴ ወጥተን ስንጫወት፣ ቡድኑ ይፈርሳል። ተማሪው «አሰልጣኙ ይነሳልን» ማለት ጀምሯል። ጥፋቱ በእርግጥ የእሱ ነው? የምታውቁ ብታስረዱኝ።

የሆጤ ተመልካች፦
የደሴውን ነገር በአሰልጣኙ ላይ ብቻ ባትጥሉት ደግ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ መንገዱ አጭር ስለሆነ ልዩነቱን ማንም ልብ አይለውም እንጂ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ በዚያው ቀን የሚጫወት ሰው ሳንባው ይነግረዋል። ከፍታ ሲጨምር በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ስለሚቀንስ፣ ተጫዋቹ ከአንድ ፈጣን ሩጫ እስከ ቀጣዩ ድረስ ለማገገም የሚወስድበት ጊዜ ይረዝማል፤ የእናንተ አጨዋወት ደግሞ የቆመው በዚሁ ተደጋጋሚ ሩጫ ላይ ነው። ሰውነት ከፍታውን የሚለምደው በሳምንታት በመሆኑ ከዋዜማው ወጥቶ ማደር ብዙም አይፈይድም። አየሩ ስለሚሳሳ ረጅም ኳስም ከለመዳችሁት አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ደሴ ላይ ጫናውን በተመረጡ ደቂቃዎች ብቻ መፍጠር፣ በቀረው ጊዜ ወደ መሃል ሜዳ ተሰብስቦ መጠበቅ፣ አማካዮቹንም ሳይዝሉ መቀየር ይሻላል።

የቀድሞ ተከላካይ፦
ከፍታው እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ኮምቦልቻ ላይ ለሚሸነፉት ምን ሊባል ነው? እኔ አሰልጣኙን የምወቅሰው በአንድ ነገር ነው፤ ኳስ በሚነጥርበት ደረቅ ሜዳ ላይ ግብ ጠባቂውን አጭር ቅብብል ማስጀመር ለተጋጣሚ አጥቂ ስጦታ መስጠት ነው። ሌላው ማንም ያላነሳው ጉዳይ ጾሙ ነው። በ2018 ዐቢይ ጾምና ረመዳን የካቲት ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት፤ በወሎ ቡድን ውስጥ ደግሞ ይህ ማለት አብዛኛው ተጫዋች በአንዱ ወይም በሌላው ጾም ላይ ነበር ማለት ነው። አንዱ እስከ መግሪብ ውኃ አይቀምስም፤ ሌላው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ይቆይና ከዚያም በኋላ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይነካም። በዚያ ወር ከባዱ ልምምድ ከቀትር በኋላ ከተሰጠ፣ ድካሙ ከአጨዋወቱ ጋር ምንም አይገናኝም። ከባዱን ወደ ማታ አዙሮ ቀኑን ለቆሙ ኳሶች (ለቅጣት ምትና ለማዕዘን ምት) እና ለአቋቋም ማዋል ይቻል ነበር።

ከፒያሳ፦
ትዕግሥት ሲባል ሁሉም የሚጠቅሰው አሌክስ ፈርጉሰንን ነው፤ በ1986 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ማንቸስተር ዩናይትድን ይዞ፣ በ1990 ሊጉን 13ኛ ሆኖ ጨርሶ፣ የሊጉን ዋንጫ ያነሳው በ1993 ነው። ምሳሌው ግን ለኮሌጅ አይሆንም፤ ዘንድሮ ያስተማረው ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመርቆ ይሄዳላ! የኮሌጅ አሰልጣኝ ቡድኑ ቶሎ የሚገባው ቀላል አጨዋወት ያስፈልገዋል፤ በዚህ ከቀድሞው ተከላካይ ጋር እስማማለሁ። ለፍርዱ ግን ውጤት ብቻውን አይበቃም፤ በእግር ኳስ ግብ ጥቂት በመሆኑ አንድ የተሳሳተ ፍጹም ቅጣት ምት የወር ድካም ይሽራል። አንድ ተማሪ ደብተር ይዞ ከፍጹም ቅጣት ክልል ውስጥ እናንተም ተጋጣሚም የሞከራችሁትን ይቁጠር፤ የእናንተ እየጨመረ ከሄደ ሰውየው ይቆይ።

ቦርከና ዳር፦
አመሰግናለሁ። ቆጠራውን እኔው እጀምራለሁ፤ የግብ ጠባቂውን ነገር ግን ለአሰልጣኙ ማን ደፍሮ ይንገረው?

የቀድሞ ተከላካይ፦
አምበሉ ይንገረው፤ ከልምምድ በኋላ፣ ብቻቸውን ሆነው።