«እምዬ እግር አላት!»

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አንዲት እህታችን ልጆቿ አማርኛውን ሲያጣምሙት ወዲያው ማረም ይሻል እንደሆነ ወይስ ሰምቶ ማለፍ ጠይቃ፣ አብዛኞቻችሁ «በጊዜ ካልታረመ ይለምድበታል» ብላችሁ መልሳችሁላታል። እኔም ዓመታት ሙሉ እንዲሁ አስብ ነበር። ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ሆኜ የምመሰክረው ግን ሌላ ነው። ትንሽ ልጅ ተሳስቶ በተናገረው ነገር ውስጥ ብዙ ጊዜ በደንብ የታሰበ ሐሳብ አለ፤ ቃሉን ከማቃናታችን በፊት ለሐሳቡ መልስ ብንሰጥ ልጁም ቋንቋውም ይጠቀማሉ። ይህን ያስተማሩኝ ልጆቼ ስለሆኑ እነርሱ ያሉትን እንዳሉት ልጻፍላችሁ።

የምንኖረው ስቶክሆልም ነው። እዚህ አገር ለአንድ ልጅ 480 ቀን ክፍያ ያለው የወላጅ ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚህም ውስጥ 90 ቀኑ የእናት፣ 90 ቀኑ የአባት ድርሻ ሆኖ አንዱ ለሌላው ሊያስተላልፈው አይችልም። ትንሿ ልጃችን አንድ ዓመት ሲሞላት ባለቤቴ ወደ ሥራዋ ተመለሰችና እኔ ሰባት ወር ቤት ዋልሁ። መንዝ ውስጥ ገበሬ የነበረው አባቴ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ሲመሽ የሚገባ ሰው ስለነበር እኛ ልጆቹ ቀን ቀን የምንለውን የሚሰማበት ጊዜ አልነበረውም፤ ይወደን እንደነበር ግን አንድም ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም። እኔ እርሱ ያላገኘውን ጊዜ አገኘሁ። ፈቃድ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ደብተር ገዝቼ ልጆቹ የተናገሩትን፣ የተናገሩበትን ቀንና ቦታ እየጠቀስሁ መጻፍ ጀመርሁ። አዲስ አባቶች፣ ይህን ፈቃድ ለእናት ብቻ ትታችሁ እንዳታሳልፉት አደራ እላችኋለሁ።

በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተጻፈው አንድ ቃል ነው፤ «ምጣ!» የሚል። ወንዱ ልጄ ያን ጊዜ አራት ዓመቱ ነበር፤ ሲጠራኝ «አባዬ፣ ምጣ!» ይለኛል፤ እኔም በቀን አሥር ጊዜ «ምጣ አይባልም፣ ና ነው የሚባለው» እለዋለሁ። አንድ ቀን ማታ ሳህን እያጠብሁ ነገሩን ሳወጣ ሳወርደው ልጁ ከየት እንዳመጣው ተገለጠልኝ። «አትሂድ» ካልን «ሂድ» እንላለን፣ «አትብላ» ካልን «ብላ» እንላለን፤ ታዲያ «አትምጣ» የምንል ሰዎች «ምጣ» የማንለው ለምንድን ነው? ይህን ቃል ከእኔም ከእናቱም አፍ አልሰማውም፤ ሌላ አማርኛ የሚናገር ሰው ደግሞ በአካባቢያችን የለም። ስለዚህ ልጁ ከምንናገረው ውስጥ ሕጉን ለይቶ አውጥቶ፣ ሕጉ በሚያዝዘው መሠረት የራሱን ቃል ሠርቶ ነበር ማለት ነው። ከሕጉ የወጣው ቋንቋው ራሱ ነው እንጂ ልጁ አልነበረም። እኔ ግን ይህን ሁሉ ሥራ ስሕተት ብዬ እገሥጸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ምጣ ሲለኝ «መጣሁ፤ አንተም ና» እያልሁ ትክክለኛውን ቃል በመልሴ ውስጥ አስገባለት ጀመር፤ ጥቂት ወራት ሳይሞላ «ና» ማለትን በራሱ ጊዜ ለመደ። እኔም ደስ ከማለቴ ጋር «ምጣ» የምትለው ቃል ከቤታችን በመውጣቷ ቅር ብሎኝ ነበር።

ስለ ትምህርት ቤቱ በአጭሩ ልናገር። ወላጅ ከጠየቀ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ክልል ቋንቋውን የሚፈልጉ ቢያንስ አምስት ተማሪዎች ካሉና አስተማሪ ከተገኘ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ይሰጣል፤ አመልክቱና ተጠቀሙበት። ነገር ግን በሳምንት ከአንድ ሰዓት ብዙም ስለማይበልጥ ቤት የሚሰማውን አማርኛ ሊተካ አይችልም።

ከደብተሩ ግማሽ የሚሆነው የተሞላው በጥር 2015 ዓ.ም. ቤተሰቡን ይዤ ወደ ሰሜን ሸዋ በሄድሁበት በአንድ ወር ውስጥ ነው። ወንዱ ሰባት፣ ሴቷ አራት ዓመታቸው ነበር። የወረርሽኙ ጊዜ መንገዱን ዘግቶብን ስለቆየ ሴቷ ልጄ አያቷን ከስልክ በስተቀር አይታት አታውቅም። ከአዲስ አበባ ተነሥተን በሰንዳፋ፣ በሸኖና በጫጫ አልፈን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደብረ ብርሃን ስንደርስ ጥምቀት ካለፈ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ በዋናው መንገድ ላይ የ2015 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል የመልካም ምኞት ጨርቅ እንደተሰቀለ ነው። ልጄ ፊደሉን በቅጡ ባያነብም ቁጥሩን አነበበና «አባዬ፣ ይህ እኮ እኔ የተወለድሁበት ዓመት ነው!» አለኝ። በእኛ አቆጣጠርና በፈረንጆቹ መካከል የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት እንዳለ አስረዳሁት። እርሱ የተወለደው በፈረንጆቹ 2015 በሦስተኛው ወር ነው። ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረና «እንግዲያው በዚህ አገር ገና አልተወለድሁም፤ ሁለት ወር ይቀረኛል» አለ። ሾፌሩ ከት ብሎ ሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀም፤ ጣርማ በር እስክንደርስ ድረስ በመስኮት እያየ ዝም አለ።

ከጣርማ በር ወደ ግራ ታጥፈን ከመሐል ሜዳ አጠገብ ካለው ከእናቴ ቤት ስንደርስ መሽቶ ነበር። እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር፤ ልጆቹን ስታይ እጆቿን ዘርግታ ወደ መኪናው መጣች። ትንሿ ልጄ ከመኪናው ሳትወርድ ዐይኗን አፍጥጣ አየቻትና በታላቅ ድምፅ «እምዬ እግር አላት!» ብላ ጮኸች። ሊቀበለን የተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ ሳቅሁ። ልጄ በእናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገችና እስከ እራት ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ያልሳቀችው እናቴ ብቻ ነበረች፤ ጎንበስ ብላ «ልክ ነሽ ልጄ፤ እኔ ለአንቺ አራት ዓመት ሙሉ ግንባሬን ብቻ ነው የላክሁልሽ» አለቻት። ነገሩ እውነት ነበር፤ እናቴ ስልኩን ወደ ፊቷ በጣም ስለምታስጠጋው ስቶክሆልም የምናየው ግንባሯንና የሻሿን ጫፍ ነበር። ልጄ ያለችው ነገር በስደት የሚኖር ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ እኔ ግን በቃላት አስቀምጬው የማላውቀው ነገር ነበር። በዚያ ቀን ስለ ሳቅሁ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል። ስለዚህ እህቴ፣ ማረሙን እንደ ፈቀድሽ አድርጊው፤ በሰው ፊት ግን አትሳቂባቸው፤ ሌላው ሰው ሲስቅም አብረሽ አትሳቂ።

በዚያው ማታ ወንዱ ልጄ በመንዝ ባና ተጠቅልሎ ምድጃው ዳር ተቀምጦ ጉዳዩን ለአያቱ አቀረበላት፤ በዚህ አገር ገና እንዳልተወለደና ሁለት ወር እንደሚቀረው ነገራት። እናቴ የልጄ መወለድ በስልክ ሲነገራት የአራስ ቤቱን ሳታይ በመቅረቷ እንዳለቀሰች አውቃለሁ። ትንሽ አሰበችና «እሰይ! ሳትወለድ ደረስህልኛ! እንግዲህ ገንፎህን አብረን እንበላለን» አለችው። እኔ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን የገብስ ዱቄት አስነፍታ፣ ቅቤ አንጥራ፣ የጎረቤት ሴቶችን ጠራች፤ ሴቶቹም ምጡ አሁን ያለቀ ይመስል «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ባለቤቴን ሳሟት፤ እልልታው መንደሩን አናጋው። ሰባት ዓመት ዘግይቶ የመጣውን ያን ገንፎ ያስገኘልን የአንድ ልጅ የሒሳብ ስሕተት ነው። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ አርሜው ነገሩን ዘግቼው ቢሆን ኖሮ ባለቤቴ በአማቷ እጅ ሳትታረስ በቀረች ነበር።

የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነበር። እናቴ «ነገ በ1 ሰዓት ቁርስ እንበላለን» ስትል ልጁ በሌሊት የምትቀሰቅሰው መስሎት ደነገጠ። እዚህ ፀሐይ በ12 ሰዓት ገደማ እንደምትወጣና ከዚያ አንድ ሰዓት ሲያልፍ 1 ሰዓት እንደሚባል ነገርሁት። እኛ በምንኖርበት ከተማ በታኅሣሥ ልጆቹን በጨለማ ወስደን በጨለማ እንመልሳቸዋለን። ያን እያሰበ ይመስለኛል «እዚህ ሰዓቱ ፀሐይን ጠብቆ ነው የሚነሣው፤ የእኛ ሰዓት ግን ትቷት ይሄዳል» አለ። እኔ ስዊድን ውስጥ ባሳለፍኋቸው ክረምቶች ሁሉ የሚሰማኝን ነገር በዚህን ያህል ቃል ተናግሬው አላውቅም።

ሌላው የእርስዎና የአንተ ጉዳይ ነው። ስዊድኖች ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑ ነው፣ አስተማሪውንም ሐኪሙንም ሚኒስትሩንም «ዱ»፣ ማለትም አንተ ብለው ይጠራሉ። እናቴን ልጆቹ አንቺ እንዲሏት ራሷ ስለፈቀደች በእርሷ በኩል ችግር አልነበረም። የእናቴ የነፍስ አባት ቤቱን ሊባርኩ በመጡ ጊዜ ግን ልጄ «አንተ ከየት መጣህ?» አላቸው። ቀይ ሆንሁ፤ ወደ ጓዳ ወስጄም ለትልቅ ሰው እርስዎ እንደሚባል አጥብቄ ነገርሁት። ጥቂት ቆይተው አባ ጸሎት አደረሱ፤ «አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር፣ ስምህ ይቀደስ» ሲባል ልጁ ወደ እኔ ዞሮ «ስምህ? ስምዎ አይባልም?» አለኝ። ጸሎቱ እንዳለቀ ደግሞ ሰው ሁሉ እየሰማ «እግዚአብሔርን አንተ ካልነው አባን ለምን እርስዎ እንላለን? አባ ይበልጣሉ?» ብሎ ጠየቀ። ቤቱ ጸጥ አለ። ይህን ጸሎት ከሕፃንነቴ ጀምሮ እየደገምሁ አድጌ ነገሩን አንድም ጊዜ አላስተዋልሁትም። አባ አልተቆጡም፤ መስቀላቸውን አሳልመውት «የለም ልጄ፤ እርስዎ የሚባለው ራቅ ላለ ሰው ነው፤ እርሱ ግን ቅርብ ነው» አሉት። ልጄም በዚያው መልስ ተደስቶ «እንግዲያው ወደ እኔ ቀረብ ይበሉ» ብሎ አጠገቡ ቦታ ለቀቀላቸው። አባ ሄደው ተቀመጡ።

ጓሳ ወደሚባለው የመንዝ ጥብቅ የሣር ምድር የሄድን ዕለት ልጆቹ ያሉት ብዙ ቢሆንም ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። ሴቷ ልጄ የጭላዳ ዝንጀሮውን ቀይ ደረት አይታ «ልቡን በውጭ ነው የለበሰው» አለች። ወንዱ ደግሞ አብሮን የነበረ የአካባቢው ሰው የጓሳው ሣር በአባቶች ሥርዓት ለዓመታት ሳይታጨድ ተጠብቆ በተወሰነ ጊዜ ብቻ እንደሚከፈት ሲያጫውተን ሰማና «ሣሩም እንደ አባዬ ፈቃድ ወጥቷል ማለት ነው» አለ። ሰውዬው ትርጉሙን ከነገርሁት በኋላ «ልክ ነው፤ ልጆቹን እያሳደገ ነው» ብሎ መለሰለት።

ከዚያ ጉዞ በኋላ እንደ ልብ መመላለስ አልተቻለንም፤ ልጆቹም አያታቸውን ዳግመኛ የሚያዩአት በስልክ ብቻ ሆነ። ነገር ግን ትንሿ ልጄ አንድ ሕግ አወጣች። እሑድ ስንደውል ሰላምታ ከመለዋወጣችን በፊት «እምዬ፣ እግርሽን አሳዪኝ» ትላታለች፤ እናቴም ስልኩን ወደ ታች ዘቅዝቃ የላስቲክ ጫማዋን ታሳያታለች። ከዚያም ልጄ የራሷን እግር አንሥታ ታሳያታለች፤ ወሬ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስልኩ የሚቆጥረው ገንዘብ በዚህ እንዲያልቅ አልፈለግሁም ነበርና «ይበቃል» ልላት ቃጥቶኝ ያውቃል።

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ልጄ ስልኩን ለረጅም ጊዜ አየችና «እምዬ፣ አንዱ እግርሽ ብቻ ለምን ወፈረ?» አለቻት። እናቴ የጫማው ነው ብላ ልታልፈው ሞከረች፤ ልጄ ግን ጫማውን እንድታወልቅ ለመነቻት። እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ አብጦ ነበር፤ ለእኔም ለወንድሜም ሳትናገር ሦስት ሳምንት ደብቃው ኖራለች። ወንድሜ በማግስቱ ይዟት ሄደ፤ ሐኪሞቹ በእግሯ ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም አግኝተው አስተኟት፤ መድኃኒትም ጀመረች። አሁን እብጠቱ ጎድሏል። ባለፈው እሑድ ስንደውል ልጄ ሁለቱንም እግር ጎን ለጎን እንድታደርጋቸው አዘዘቻትና አተኩራ አይታ «እኩል ናቸው» አለች፤ እኔም ደብተሩን አንሥቼ ቀኑን ጻፍሁ።