ሐዋሳ ከልጆች ጋር፦ ማደሪያና መኪና ላይ ሐሳብ አዋጡ

ጸሐፊዋ፦
ጎረቤቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ የተነሳው ነገር ወሬ ሆኖ እንዳይቀር ብዬ ነው። ልጆቹ የግማሽ ዓመት ፈተና ጨርሰው ሲያርፉ ሐዋሳ 3 ሌሊት። እስካሁን 6 ቤተሰብ ተመዝግቧል። 11 አዋቂ፣ 12 ልጅ፣ በድምሩ 23 ሰው ነን። ከልጆቹ 4ቱ ገና 4 ዓመት አልሞላቸውም። ቀብዱን ከማኅበሩ ሣጥን ተበድረን ስለምንከፍል ለኮሚቴው አንድ የጋራ ሐሳብ ማቅረብ አለብን። መጀመሪያ ሁለት ነገር እንቁረጥ። በምን እንሄዳለን? የት እናድራለን? የሚበላው ነገር አይጠፋም።

የ3ኛ ፎቅ አባት፦
በምን የሚለው ምን ያወያያል? ጠዋት ከመስቀል አደባባይ የሚነሱ ትልልቅ አውቶቡሶች አሉ። ወንበራቸው ይመቻል፣ በሰዓታቸው ይወጣሉ። ቲኬት ቆርጦ መሄድ ነው።

የመንትዮቹ እናት፦
ጋሼ፣ የእርስዎ ልጆች ደርሰዋል። እኔ ከቱሉ ዲምቱ ተነስቼ ንጋት 11 ሰዓት መስቀል አደባባይ ለመድረስ ሁለቱን በስንት ሰዓት ልቀስቅሳቸው? የሚያስቀው ደግሞ አውቶቡሱ ወደ ፍጥነት መንገዱ የሚገባው እዚሁ እኛ ሰፈር ነው። ለራይድ ከፍለን ወደ ኋላ እንሄዳለን፣ ለአውቶቡስ ከፍለን በገዛ በራችን እናልፋለን። ይሄ ሽርሽር ነው ቅጣት?

የ3ኛ ፎቅ አባት፦
እሱስ እውነትሽን ነው። አላሰብኩትም።

ሾፌሩ ጎረቤት፦
ያ መንገድ የእንጀራዬ መንገድ ስለነበር ልናገር። ኮስተር በኮንትራት እንያዝ። ከብሎኩ በር ይነሳል፣ 23 ሰው ከነሻንጣው ይይዛል። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 550። ለመንገድ ማጠፊያና ለወንዶ ገነት ፍል ውሃ ጨምረን 650 እንበለው። የተጫነ ኮስተር በሊትር 6 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብለን ብንይዝ 110 ሊትር ናፍጣ ግድም ይፈልጋል። ይህን የምነግራችሁ ባለመኪናው «ከነናፍጣው» ብሎ ሲቆልልባችሁ የምታወዳድሩበት ቁጥር እንዲኖራችሁ ነው።

ዋናው ግን ቀኑ ነው። ጥር የሠርግ ወር ነው። ቅዳሜና እሑድ ኮስተር ፍለጋ መውጣት ከሠርገኛ ጋር መጋፋት ነው፤ ዋጋውን የሚቆርጠው ባለመኪናው ይሆናል። ሰኞ ጠዋት ግን ያው መኪና ግቢ ውስጥ ቆሞ ነው የሚውለው። ያኔ የምንከራከረው እኛ ነን።

ገንዘብ ያዥ፦
ቀኑን ካነሳህ አይቀር፣ ሥራ ያለን ሰዎችስ? ሰኞ ወጥቶ ሐሙስ መመለስ 4 የፈቃድ ቀን ነው።

የ3ኛ ፎቅ አባት፦
እኔ ፈቃዴን የምቆጥበው ለምኑ ነው? ልጆቹ እንደሆኑ በዚያ ሳምንት ብቻ ነው የሚያርፉት። የማይመቸው ካለ እሑድ ማታ ድረስ ይናገር።

የመንትዮቹ እናት፦
ማደሪያው ላይ ልምጣ። አምና ከእህቴ ጋር ሄደን አንድ ፔንሲዮን ያዝን። በስልክ ዋጋው ሲነገረን ደስ ብሎን ልንሞት ነበር። ደረስን። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ አልጋው ንጹሕ ነው። ቧንቧውን ስከፍት ትንፋሽ ብቻ። ልጅቷን ጠራኋት፤ «ውሃ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ትመጣለች» አለችኝ፣ እንደ ዘመድ። ሁለቱን ሕፃን በሃይላንድ ውሃ ነው ያጠብኩት። ቦታው ደግሞ ከሐይቁ ሩቅ ነው። ለባጃጅ የከፈልነው ተደምሮ ሲታይ ሐይቁ አጠገብ ብናድር ኖሮ ይሻል ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦
ይቺን በእኛ ቁጥር ላስላት። ባጃጅ 3 ሰው ነው የሚይዘው። 4ቱ ሕፃናት ጭን ላይ ቢሆኑ 19 ሰው ይቀራል። ለአንድ ጉዞ 7 ባጃጅ። ጠዋትና ማታ ደርሶ መልስ ስንል በቀን 28 ጊዜ ባጃጅ ተከፈለ ማለት ነው። ርካሽ አልጋ የሚባለውን እዚህ ላይ ነው የማየው።

ሾፌሩ ጎረቤት፦
ኮስተሩ እዚያው ካለ ባጃጅ ለምን?

ገንዘብ ያዥ፦
እሱማ አለ። ግን ሁለቱን የመሃል ቀናት መኪናው ካልተንቀሳቀሰ በግማሽ ዋጋ እንዲታሰብልን አንደራደርም?

ሾፌሩ ጎረቤት፦
ይሄ ይሠራል። ጎማው ያልዞረበት ቀን ግማሽ ብለን ውል ላይ እናስገባ። ብዙ ባለመኪና በሠርግ መሃል ለሚገኝ ሥራ እሺ ይላል። ግን እንግዲህ ማደሪያችን በእግር የሚያስኬድ መሆን አለበት። ወንዶ ገነትን ደግሞ ለመመለሻው ቀን እናድርገው፤ ሻሸመኔ ላይ ተገንጥሎ መግባት ነው። ያን ቀን መኪናው ሙሉ ተከፍሎበታል።

ጸሐፊዋ፦
በእግር ከሆነ እንግዲህ ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ሐይቁ ዳር ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው ቦታ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ነው የምንፈልገው። ሐይቁ ዳር ያሉትን ትልልቅ ሆቴሎች ተውአቸው። ውድ መሆናቸው አንድ ነገር ነው። ሌላው ሐዋሳ በሥራ ቀን የወርክሾፕ ከተማ ናት። ባጅ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው አዳራሹንም ቁርሱንም ይዞት ነው የምታገኙት። ፔንሲዮንና የእንግዳ ማረፊያ ግን በዚያ ሳምንት ይተነፍሳል።

ዋጋ ስትጠይቁ ደግሞ «ቫት አለው ወይ?» በሉ። 1,000 ብር የተባለ አልጋ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅና 15 በመቶ ቫት ሲጨመርበት 1,265 ብር ነው። 7 ክፍል ብንይዝ በ3 ሌሊት ስንት እንደሚሆን አስቡት።

የ1ኛ ፎቅ ልጅ (እማማን ይዤ የምሄደው)፦
7 ክፍል ከምንይዝ ሙሉ ግቢ የሚያከራይ የእንግዳ ማረፊያ ብንፈልግስ? ኩሽና ያለው። ጠዋት ጨጨብሳና ሻይ እኛው እንሠራለን። 23 ሰው ቁርስ ካፌ ከበላ የምሳው ብር እዚያው አለቀ። እማማ ደግሞ ደረጃ አትችልም። ምድር ቤት አንድ ክፍል ይያዝላት።

የመንትዮቹ እናት፦
ግቢው ይሁን። ግን ከመያዛችን በፊት ሐዋሳ ያለ ዘመድ በአካል ሄዶ ቧንቧውን ይክፈትልን። ፎቶ አላምንም። ሮቶ አለ ወይ፣ አጎበር አለ ወይ ብሎ ይይ። ትንኟ ቀላል አይደለችም።

ገንዘብ ያዥ፦
የሚስቴ ወንድም እዚያ ያስተምራል። እልከዋለሁ። ቀብድም እሱ ግቢውን አይቶ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ ነው የሚከፍለው። ቴሌግራም ላይ ባየነው ቁጥር ብር አንልክም። አንድ ወዳጄ እንደዚያ አድርጎ ሲደርስ ቤቱ ሰው የሚኖርበት ሆኖ አገኘው። ባለቤቶቹ ቡና ጠጣ ብለው አስገቡት እንጂ።

የ3ኛ ፎቅ አባት፦
ክፍያውን እንዴት እንካፈል? እኔ ቤት 5 ነን፣ እሷ ጋ ብቻዋን ከሁለት ሕፃን ጋር ናት። እኩል ይሁን ማለት ነውር ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
አዋቂ አንድ ድርሻ፣ ከ4 ዓመት በላይ ያለ ልጅ ግማሽ፣ ከዚያ በታች ነፃ። 11 አዋቂ፣ 8 ልጅ በግማሽ 4፣ ጠቅላላ 15 ድርሻ። መኪናውንም ግቢውንም ለ15 መክፈል ነው። ነፃ ይሁኑ ያልኩት በሒሳቡ እንጂ በወንበሩ አይደለም። በመንገድ ላይ ሕፃን ጭን ላይ አይቀመጥም፣ 23 ወንበር እንይዛለን።

የ1ኛ ፎቅ ልጅ፦
አንድ ነገር ረሳችሁ። ረቡዕ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ጋ፣ ዓሣ ይበላል አይበላም?

ጸሐፊዋ፦
እባክህ ይህን ለኮሚቴ አልጽፍም። ማክሰኞ እንሂድና ይብቃ። ዓሣ አጥማጆቹ ጠዋት ሲገቡ ልጆቹ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች በቅርብ ያያሉ፤ ለዓሣ አንጀት ሲሻሙ ማየት ብቻውን ትምህርት ነው። የጾሙን ነገር እያንዳንዱ ከንስሐ አባቱ ጋር ይጨርስ።

ለኮሚቴው የምልከው ይህ ነው፣ አንብባችሁ አርሙኝ።

«ከአስተርዮ ማርያም በኋላ ባለው የትምህርት ቤት እረፍት፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ሰኞ ጠዋት ወጥተን ሐሙስ ማታ እንመለሳለን። አንድ ኮስተር ከብሎኩ በር በኮንትራት ይያዛል። ውሉ ላይ ናፍጣው በማን እንደሆነ፣ የሾፌሩ አበልና ማደሪያ፣ የፍጥነት መንገድ ክፍያ፣ እንዲሁም ማክሰኞና ረቡዕ መኪናው ከቆመ በግማሽ ዋጋ እንደሚታሰብ በግልጽ ይጻፋል። ማደሪያው ከፍቅር ሐይቅ በእግር የሚደረስ፣ ኩሽናና ሮቶ ያለው ሙሉ ግቢ ሲሆን ምድር ቤት ቢያንስ አንድ ክፍል ይኖረዋል። ዋጋው ከነታክሱ ይጠየቃል። ከመያዙ በፊት በአካል ይታያል። ወጪው ለ15 ድርሻ ይካፈላል። ማኅበሩ ቀብዱን ብቻ ያበድራል፤ ተጓዦች ከመነሻው 10 ቀን በፊት ይመልሳሉ።»

ሾፌሩ ጎረቤት፦
ትርፍ ጎማና የኢንሹራንስ ወረቀት ይታያል የሚል ጨምሪበት። እኔው አያለሁ።

የመንትዮቹ እናት፦
«ቧንቧው ተከፍቶ» የሚል ይግባ። በአካል ይታያል ሲሉ በር ላይ ቆመው የሚመለሱ አሉ።

ጸሐፊዋ፦
ሁለቱም ገብቷል። ሌላ?

የ1ኛ ፎቅ ልጅ፦
እማማ መኪና ያዞራታል። የፊቱ ወንበር የእሷ ነው ተብሎ ይጻፍልኝ።

የ3ኛ ፎቅ አባት፦
እሱ ወንበር እኮ በልቤ የእኔ ነበር። ይሁን፣ ጻፊው።